ለአስጠኚ ተማሪዎችና ለወላጆች

በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ለእኔ ማስጠናትን የሚያህል የለም። ብዙዎቻችን ከ4 ኪሎና ከ6 ኪሎ ግቢ ወጥተን፣ ታክሲ ቀያይረን ሲኤምሲ ወይም አያት ድረስ ሄደን፣ ልጆችን ሒሳብና ፊዚክስ አስጠንተን ማታ እንመለሳለን። የምናገኘው ብር ለፎቶ ኮፒ፣ ለሞባይል ካርድ፣ ለምሳ ይሆናል፤ ቆጥቦ ለቤተሰቡ የሚልክም አለ። ትርፉ ግን ብር ብቻ አይደለም። ክፍልፋይ አልገባው ላለ ልጅ በትዕግሥት የሚያስረዳ ሰው የራሱንም ትምህርት ያጠራል፤ ከሰው ጋር መነጋገርንም ይለምዳል።

አዲስ ጀማሪዎች፣ አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍያውንና የሚከፈልበትን ጊዜ በግልጽ ተነጋገሩ። ያገናኛችሁ ደላላ ከሆነ ኮሚሽኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ላይ ብዙውን የሚወስድ አለ። ፈተና ሲደርስ ደግሞ የራሳችሁን ጥናት አስቀድሙ፤ ግቢ የገባችሁት ለመመረቅ ነው።

ወላጆችም፣ እባካችሁ የአስጠኚውን ክፍያ በቀኑ ስጡ። እናንተ «ነገ» የምትሉት ብር ለዚያ ተማሪ የዛሬ ታክሲና እራት ነው።