ወሬ ሲበዛ ዓይን ይጠፋል

«ግላኮማን የሚያድን ክኒን ተገኝቷል አሉ፤ ውጭ ዘመድ ያለው ያስልክ!» ይህ ወሬ እኛ ቤት የገባው ፋርማሲ በምትማር የአክስቴ ልጅ በኩል ነው። የዓይን ነርቭን የሚገድለው ግሉታሜት የሚባል ነገር ነውና እሱን የሚያግድ መድኃኒት ካለ ነገሩ አለቀ ባይ ናት። አጎቴም ይህን በሰሙ ማግስት የታዘዘላቸውን ጠብታ እርግፍ አድርገው ተዉት። እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝምና ሳገላብጥ ሰነበትኩ።

ልጅቷ አልዋሸችም። ወሬውን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የጣለችው።

ግሉታሜት እኮ መርዝ አይደለም! ሬቲና በሚባለው የዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ያሉ ነርቮች የሚያወሩበት ኬሚካል ነው። አንዱ ሴል ይለቀዋል፤ ቀጣዩ ሴል ላይ ያለው ተቀባይ ይይዘዋል፤ በር ይከፈታል፤ ካልሲየም ገባ ይላል፤ ወሬው ወደ አንጎል ይሄዳል። ትርፉን አጠገብ ያሉ ረዳት ሴሎች ለቅመው ያነሱታል። ታዲያ ለቃሚው ደክሞ ግሉታሜቱ ሲከማች በሩ እንደተከፈተ ይቀራል። ካልሲየሙ ይጎርፋል፤ ሴሉም ከውስጥ ይፈራርሳል። ወሬኛ ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ የሚታመሰውን ቤት አስቡት!

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ሉካስና ኒውሃውስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ግልገሎችን ግሉታሜት ከቆዳ ሥር ወግተው የሬቲናቸው የውስጥ ክፍል ሲወድም አይተዋል። (አጂኖሞቶ የምትወዱ አትደንግጡ፤ የሚበላው ግሉታሜት አብዛኛው አንጀት ላይ ነው የሚያልቀው።)

ክኒኑስ? ሜማንቲን ይባላል። ያንኑ በር የሚዘጋ፣ ለመርሳት በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከ2 ሺህ በላይ የግላኮማ ሕመምተኞች ላይ ለ4 ዓመት ያህል ተሞከረ። ውጤቱ በ2018 ሲወጣ ምን ቢል ጥሩ ነው? ባዶ ክኒን ከዋጡት የተለየ ጥቅም አላገኙም! በ1996 «ግላኮማ ባለበት ዓይን ውስጥ ግሉታሜት በዝቶ ተገኘ» የተባለውንም ሌሎች ደግመው ሲለኩ አጥተውታል። እንግዲህ ግሉታሜት መግደል መቻሉ አንድ ነገር ነው፤ የአጎቴን ዓይን የጎዳው እሱ ነው ማለት ግን ሌላ።

አጎቴ «ጠብታው ምን ጨመረልኝ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሞተ ነርቭ አይነሳም። ጠብታው የዓይን ግፊትን እየቀነሰ የሚጠብቀው ያልሞተውን ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይኼው ነው፤ የመድኃኒቱ ጥቅም አይታይም፣ የበሽታውም ጉዳት አይሰማም። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሳያም ከዳር ከዳር እየበላ ስለሚመጣ ሰውዬው ሲነቃ ብዙው ሄዷል።

እናንተስ? እናት ወይም አባት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለባቸው «እኔ ገና ወጣት ነኝ» ብሎ ነገር የለም። ግፊታችሁን ተለኩ፤ ነርቩንም ይዩላችሁ። ጠብታ ከታዘዘላችሁ፣ ከጨመራችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ2 ደቂቃ ያህል በጣት ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ። አስም ያለባችሁ ደግሞ ለሐኪሙ ሳትናገሩ እንዳትወጡ፤ ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።