ለዜሮ ማካፈል

ማካፈልን ለሕፃናት ማስተማር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩ ሕጎቹ መምህሩን እጅግ ይፈትኑታል። በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ሳስተምር የረዳኝ አንድ እፍኝ ባቄላ ነበር። 6 ፍሬ ለ1 ልጅ ቢሰጥ ሁሉን ይወስዳል፤ ለ6 ልጆች ቢካፈል ለእያንዳንዱ 1 ይደርሰዋል፤ ባዶ እፍኝ ለ6 ቢካፈል ግን ድርሻው ዜሮ ነው።

«6 ለዜሮ ቢካፈልስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ተቀባይ ከሌለ ባቄላው እንዳለ ይቀራልና መልሱ 6 ነው» አለ። ባቄላው መቅረቱ እውነት ነው፤ ሆኖም የቀረ ነገር ድርሻ አይባልም። የማካፈል ዳኛው ማባዛት ነውና፣ በዜሮ ተባዝቶ 6 የሚሰጥ ቁጥር ከቶ አይገኝም። ስለዚህ ጥያቄው መልስ የለውም።

የግዕዝ ቁጥሮች ለዜሮ ምልክት የላቸውም። የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታም በ628 እ.ኤ.አ. ስለ ዜሮ ሲጽፍ፣ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው ብሎ ነበር፤ የዛሬ ሒሳብ ግን ይህን አይቀበልም። እንግዲህ ሊቅ የተሰናከለበትን ነገር ሕፃን ቢሰናከልበት ሊቈጡት አይገባም። «አይቻልም» የሚለውን ቃል ብቻ የሸመደደ ልጅ ለጊዜው ፈተናውን ያልፍ ይሆናል፤ ምክንያቱን የተረዳው ግን ነገ ሌላውንም ሕግ «ለምን?» ብሎ ይመረምራል።