ፓስወርዳችሁን አትስጡኝ

የሴሚስተር መጨረሻ ደረሰ ማለት የፓስወርድ ልመና ደረሰ ማለት ነው። መምህራን የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ማርክ ሊስት ከወረቀት ወደ ጉግል ሺት ከዞረ ወዲህ እኛ ጋ የመጣው ልማድ እንዲህ ነው፦ ሮስተር የሚሠራው ሰው የሁሉንም መምህር ኢሜይልና ፓስወርድ አንድ ደብተር ላይ ይጽፍና ተራ በተራ እየገባ ማርኩን ይገለብጣል። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፣ ያድራል። ነገ የአንድ ልጅ 48 ተቀይሮ 58 ሆኖ ቢገኝ ሺቱ ላይ የሚታየው የመምህሩ ስም ነው። መምህሩ "እኔ አልነካሁም" ቢል ማን ያምነዋል? ደግሞ በዚያው ፓስወርድ ፎቶውም፣ የግል ደብዳቤውም ይከፈታል።

ዘንድሮ ሮስተሩ እኔ ላይ ሲወድቅ ደብተሩን አልቀበልም አልኩ። ምክትላችን "ታዲያ የ14 መምህር ማርክ በምን ልትሰበስብ ነው?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። "በኮድ" አልኳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ለራሴ ልያዘው።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የአይሲቲ አስተማሪ እንጂ ፕሮግራመር አይደለሁም። ግን ይሄ ነገር ያን ያህል አይከብድም። ስሙ ኦኦዝ ነው፤ አሁን በብዛት የምንጠቀምበት 2.0 የሚባለው እንደ ፈረንጆቹ በ2012 የወጣ ስታንዳርድ ነው። መሥሪያ ቤት ስትገቡ በር ላይ ጥበቃው መታወቂያችሁን አይቶ የእንግዳ ባጅ ይሰጣችሁ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ፓስወርዳችሁን የምታሳዩት ለጉግል ብቻ ነው። ጉግል ደግሞ ለፕሮግራሙ አክሰስ ቶክን የሚባል ባጅ ይሰጠዋል። ባጁ የት ክፍል ድረስ እንደሚያስገባ የተወሰነ ነው (ስኮፕ ይሉታል)፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለውም ለ1 ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ መታወቂያችሁን በዓይኑም አያየው።

ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ይቻላል። ሊንኩን መሥራት፣ ተመልሶ የሚመጣውን ኮድ መቀበል፣ ኮዱን በቶክን መለወጥ፣ ሰዓቱን መቁጠር፣ ሲያልፍ በሪፍሬሽ ቶክን ማሳደስ። ለመማር ጥሩ ነው፤ የአይሲቲ ክበብ ልጆች ጋር አንድ ቅዳሜ ሞክረነዋል። ለሥራ ግን አልመክርም፤ ጉግል ራሱ ለፓይተን ያዘጋጀው ላይብረሪ አለ። ከጉግል ክላውድ ያወረዳችሁትን የክላየንት ፋይል ታሳዩታላችሁ፣ ስኮፑን ትነግሩታላችሁ፣ ብራውዘር ይከፍታል፣ ሰውየው "ፈቅጃለሁ" ሲል ቶክኑ ኮዳችሁ ውስጥ ቁጭ ይላል። ማደሱንም እሱ ይችላል። ሦስት አራት መስመር ነው።

ይሄኛውን መንገድ ለመምህራኑ ሳሳይ ግን አንዲት ትልቅ የሂሳብ መምህርት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የፈቃዱን ገጽ አነበቡት። ብዙ ሰው የማያደርገውን። "ልጄ፣ ሺቶችዎን በሙሉ ይላል እኮ። የዕቁባችን ዝርዝርም እዚያ ነው ያለው።" እውነታቸውን ነው። ማንበብ ብቻ የሚለውን ስኮፕ ብትመርጡም የሚያነበው የሰውየውን ሺት ሁሉ ነው። የዕቁብ ጸሐፊ ሚስጥር ደግሞ ከማርክ አይተናነስም!

ስለዚህ በሌላው በር ሄድኩ። ሰርቪስ አካውንት ይባላል። ፕሮግራሙ የራሱ ኢሜይል አድራሻ ይኖረዋል። እያንዳንዱ መምህር የማርክ ሺቱን ብቻ፣ ለዚያ አድራሻ፣ "ማየት ብቻ" ብሎ ሼር ያደርጋል። ሮስተሩ ሲያልቅ ሼሩን ያነሳል፣ አለቀ። ቶክን የማምጣቱን ሥራ አሁንም ላይብረሪው ነው የሚሠራው፤ በቁልፍ ፋይሉ ፈርሞ ጥያቄ ይልካል፣ የ1 ሰዓት ቶክን ይዞ ይመለሳል። ብራውዘር የለም፣ "እባክዎ ይፍቀዱ" የለም። በፊተኛው መንገድ አፑ ገና "ቴስቲንግ" ላይ ከሆነ ሪፍሬሽ ቶክኑ በ7 ቀን ይሞታል፤ ኢንቫሊድ ግራንት የሚል መልእክት ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

አንድ ነገር አደራ። የቁልፍ ፋይሉ ራሱ ገንዘብ ነው። ላብ ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጡት፣ በፍላሽ አታዙሩት፣ ኮዳችሁን ጊትሀብ ላይ ስትጭኑ አብሮ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ። ያገኘው ሰው ሺት አይቀይርም፣ ምክንያቱም የተሰጠው ማየት ብቻ ነው፤ የልጆቹን ማርክ ግን በሙሉ ያነባል። የእኔ ከላፕቶፔ አይወጣም።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ ኮዱ ሄደ። የ12ቱ መምህራን ሺት ወዲያው መጣ። ሁለቱ ላይ 403 አለኝ፤ ሼር አላደረጉም ነበር፣ ደወልኩላቸው፣ አደረጉ። ምክትላችን ሮስተሩን አይተው "ፓስወርድ ሳትጠይቅ?" አሉና ዝም አሉ።

ቶክኑ እንዲህ ካለቀ ታዲያ ሁለት ሌሊት ምን አስመሸህ አትሉኝም? ስም! አንዱ መምህር "ኃይሉ" ይጽፋል፣ ሌላው "ሀይሉ"፣ ሦስተኛው "ሐይሉ"። ለኮዱ ሦስት ተማሪ ናቸው። "ፀሐይ" ስንት ዓይነት እንደተጻፈች አልነግራችሁም። ለእሱ የሚሆን ላይብረሪ የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጣል አድርጉልኝ፤ ሁለተኛው ሴሚስተር እየመጣ ነው።