ሃያ ሰዓት

በተማሪ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ሕግ ያግደዋል። እኔ ሳህን የማጥበው በፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ነው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈቀቅ ባላለው 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም። እስቲ አባዙት ወገኖቼ፤ 145 ዶላር፣ ያውም ታክስ ሳይነካው።

እናቴ ስትደውል «ምነው ልጄ፣ አሜሪካም ሥራ ጠፋ እንዴ?» ትለኛለች። ሥራማ ሞልቷል እማዬ! ዓርብ ማታ ሳህኑ ሲከመር አለቃችን ሰው ፍለጋ ይሯሯጣል። አጠገቤ ያለው አሜሪካዊ ተማሪ የቪዛ ገደብ የለበትምና ይቆያል፤ እኔ ሽርጤን ፈትቼ እወጣለሁ። ለጥናታችሁ ስንል ነው ይሉናል። ይሁና! በተረፈኝ ሰዓት የማጠናው ግን የቤት ኪራዬን ነው። በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ሙሉ ሰዓት ይፈቀድልኛል፤ የእህቴ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠየቀው በዚህ ወር ነው።