የሌሊት በረራና የአያታችን ክታብ

ከአንኮበር ተራራ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ ደጋው አልቆ ቆላው ሲቀበለው አሊዩ አምባን ያገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራ በግመል የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚሰበሰቡባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሐሪስ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው ጀርመናዊ ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የዚህን አገር ተራራና ሸለቆ ሥሎ በ1852 አሳትሟል። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው። ነገር ግን አያታችን ይፈሩት የነበረውን የኢፋትን ሌሊት አላገኘንባቸውም።

አያታችን ባንገታቸው የሚያስሩት በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበራቸው። በወጣትነታቸው ሁለት ልጆች ተከታትለው ሞተውባቸው ከአንኮበር የተጠሩ አንድ ደብተራ የጻፉላቸው ነው። ደብተራው ብራናውን የለኩት በአያታችን ቁመት ነበር፤ ከራስ እስከ እግር የሚጠብቅ ክታብ እንዲህ ይለካልና። ከዚያ ወዲያ እናታችን ተወለዱ፤ ክታቡም ካንገታቸው ሳይለይ ኖረ።

እኛ ከመምህራን ማሠልጠኛ በተመረቅንበት ክረምት ለዕረፍት ወደ አገራችን ወረድን። ዕውቀት ትኩስ እንጀራ መስሎን ያገኘነውን ሁሉ ልናጐርስ የምንቸኵልበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን አያታችን ገላቸውን ሲታጠቡ አውልቀው ያኖሩትን ክታብ አነሣንና፥ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበን «ይህ የፍየል ቆዳና ጥቂት ቀለም ነው» እያልን ስፌቱን በምላጭ ተረተርነው። ብራናው ተዘረጋ። በጥቁርና በቀይ ቀለም ከተጻፈው ጸሎት መካከል ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፥ በኮከቡም ውስጥ ዐይኑ የፈጠጠ ፊት ነበረ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። አያታችን ሲገቡ አዩን። አልተቈጡም። «ልጄ፥ ካየኸው አይቀር መልሰህ ጠቅልለው» አሉን ብቻ። የተፈታ ክታብ ኀይሉ ይለየዋል ስለሚባል ዳግመኛ አላሰሩትም፤ በመሸ ጊዜ ግን ባዶ አንገታቸውን በእጃቸው ሲዳስሱ እናያቸው ነበር። ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን እያልን ዓመታት አለፉ፤ ሳንጠይቃቸውም ዐረፉ።

ባረፉ በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን የሥዕል መጽሐፍ ስንገልጥ የእስክንድር በጎሲያን ሥዕል ገጠመን። ስሙ «የፍርሃትና የሐሤት የሌሊት በረራ» ነው፤ የተሣለውም በ1964 ነው። ወፍ ይሁኑ በራሪ ነፍሳት የማይለዩ ክንፋም ፍጥረቶች በጨለማ ሰማይ ላይ ይበራሉ። የሚያስፈሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሰው ዐይኑን ሊነቅልባቸው አይወድም። ጠጕራችን ቆመ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሰዓቱ መድረሱን ሊነግረን እስኪመጣ ድረስ ገጹን አልገለጥንም። አንባብያን ይቅርታ ያድርጉልንና፥ አልቅሰናልም፤ መጽሐፉ እንዳይርስ ፊታችንን ወደ መስኮቱ መልሰን።

እስክንድር በ1937 በአዲስ አበባ ተወልዶ በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን፥ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደ። ፓሪስ አንድሬ ብረቶን በ1924 የሱሪያሊዝምን መግለጫ ያወጣባት ከተማ ናት። ሱሪያሊዝም ማለት በአጭሩ ሕልምንና ከልቡና በታች የተሸሸገውን ነገር በቀን ከሚታየው ሳያሳንሱ መሣል ነው። እስክንድርን እጅግ የነካው ግን የኩባው ሠዓሊ የዊፍሬዶ ላም ሥራ ነበር። የላም የክርስትና እናት ማንቶኒካ ዊልሰን ከአፍሪካ የተሻገረውን እምነት የያዙ ፈዋሽ ነበሩ። ስለዚህ አውሮፓውያኑ በመግለጫ የፈለጉትን ሌሊት ላም ከልጅነቱ ያውቀው ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። እስክንድርም የእኛን የብራና ክታብና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከዘመናዊው ጥበብ ጋር አዋሐደ። እኛ ባገራችን ተቀምጠን በምላጭ የተረተርነውን እሱ በባዕድ ከተማ ሆኖ ሰፋው።

በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ እስከ 1969 በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ኋላም በዋሺንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምር ኖሮ በ2003 እዚያው ከተማ ዐረፈ። አንዳንድ ወዳጆቻችን ሥዕሉ አይገባንም ይላሉ። እኛም ገብቶናል አንልም። አያታችንም ቢሆኑ ፊደል አልቈጠሩም ነበርና በክታባቸው ላይ የተጻፈውን አንድም ቀን አላነበቡትም።

መጽሐፉን ባየን በሳምንቱ ወደ አሊዩ አምባ ወረድን። ክታቡን አክስታችን በሣጥን አኑረውት ኖሯል። ስለ ምን እንደ ፈለግነው ሳይጠይቁን አውጥተው በሰሌን ላይ ዘረጉልን። አያታችንን የምናስታውሳቸው ጐብጠው፥ በምርኵዝ ሲሄዱ ስለ ሆነ ብራናው እጅግ ረዘመብን፤ ቀጥ ብላ የቆመች የአንዲት ወጣት ሴት ቁመት ነበር። በምላጭ የነካነው ጠርዝ ዛሬም ይታወቃል። ጐንበስ ብለን ልናየው ስንል አክስታችን «በዐይኖቹ በኩል አትቁም» አሉን።

እኛም ፈቀቅ ብለን ቆምን።