ድሪቶ

ከአምቦ ከተማ ተነሥቶ በስተደቡብ ሽቅብ ለሚጓዝ ሰው፣ መንገዱ ከጤፉ ማሳ ወደ ገብሱ፣ ከገብሱም ወደ እንሰቱ እያሻገረ ወደ ብርድ አገር ያወጣዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አፋፍ ሲደርስ ምድር ከእግሩ ሥር ትከፈትና የወንጪ ሐይቅ ከታች ይታየዋል። የአገሩ ሰው ሥፍራውን ሐሮ ወንጪ ይለዋል፤ ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ስለ ውበቱ ለመጻፍ አልተነሣሁም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ ከመረጠው ወዲህ የሚጽፍለት አላጣም። እኔ ልናገር የምሻው በዚያ አፋፍ ላይ ስላየሁት አንድ ከረጢት ነው።

በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ሴት ሌማትና ሰፌድ ዘርግተው ይሸጣሉ። ከስፌቶቹ ጎን አንድ የትከሻ ከረጢት ተቀምጧል። ውጪው ታጥቦ የነጣ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ገበሩ ከአሮጌ ካፖርት የተቆረጠ ነው፤ ማንገቻው ደግሞ ከእንሰት የወጣ ቃጫ ተገምዶ የተሠራ ነው። ስፌቱን አየሁት፤ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ የተዘመዘመ፣ ጥግ ጥጉ በቆዳ ቁራጭ የጠነከረ፣ የእጅ መርፌ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች አነሡት፤ ወደ ውስጥም ገለበጡት። በጆንያው የውስጥ ፊት ላይ «ዩሪያ 50 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ አገኙና በደስታ ጮኹ፤ ጽሑፉ ወደ ውጭ ሆኖ ቢሰፋላቸው የተጠየቁትን ሁሉ እንደሚከፍሉም ተናገሩ።

ሴትዮዋ ግራ ተጋቡ። ወደ እኔ ዘወር ብለው በኦሮምኛ፣ «ጽሑፉን ወደ ውጭ ላድርግና አገሬው የማዳበሪያ ጆንያ ተሸክማ ዞረች ይበለኝ?» አሉኝ። ያን ጽሑፍ ወደ ውስጥ ለመደበቅ ብለው ነበር ስፌቱን ሁሉ ያንን ያህል የተጠበቡበት።

ወጣቶቹ ሣቁ፤ እንደዚያው ገዝተውም ሄዱ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልኩም። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ እናቴ ቤት መመለስ አለብኝ።

እናቴ እኛን ልጆቿን ያሳደገችን አምቦ ከተማ ውስጥ በእጅ በሚዞር የሲንጀር መኪና ልብስ እየሰፋች ነው። ትሰፋ ነበር ስል ግን አዲስ ልብስ አይምሰላችሁ። አብዛኛው ሥራዋ አሮጌውን ማደስ ነበር። የሸሚዝ ኮሌታ በአንገት በኩል ሲበላ ተተርትሮ ይነሣና ተገልብጦ ይሰፋል፤ ያላለቀው ፊቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ መምህሩም ሸሚዙን ለአንድ ዓመት ይጨምርበታል። ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ቁምጣ ይሆናል፤ ከቁምጣው የተረፈው እግር ለሌላው ሱሪ መቀመጫ መጣፊያ ይሆናል። ጋቢ ሲሳሳ ለሕፃን መጠቅለያ፣ ቀጥሎም የሽንት ጨርቅ ይሆናል፤ የመጨረሻው እራፊ ተጠምዝዞ በቆርቆሮ ኩራዝ ውስጥ ክር ሆኖ ይነዳል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ከረጢት ከገበያ ይገኝ ስለነበር፣ እርሱም ታጥቦ ለትራስ ልብስ ይውል ነበር። ስፌት በምትተረትርበት ጊዜ ክሩን አትበጥሰውም፤ እየሳበች በጣቷ ላይ ትጠቀልለውና ለሌላ ቀን ታስቀምጠዋለች። ቁልፎቹ በጣሳ ውስጥ ናቸው፤ ጣሳውን ማንቀሳቀስ ለእኛ ለልጆች ከሙዚቃ ይቆጠርልን ነበር።

እኛም ብንሆን ከዚህ ጥበብ ውጭ አልነበርንም። ኳሳችን በካልሲ ውስጥ የታጨቀ እራፊ ነበር፤ የመኪናችን ጎማ ደግሞ ቆርኪ። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የማዕድን ውሃ በጠርሙስ ሲታሸግባት በኖረች ከተማ ቆርኪ ማን ያጣል!

ለምንም የማይበቃው ቁርጥራጭ፣ ከመዳፍ ያነሰው፣ ወደ ድሪቶው ይሄዳል። ድሪቶ እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረተ የሚሠራ የብርድ ልብስ ነው። የእናቴ ድሪቶ ሁለት ሰው የሚያለብስ፣ ሲያነሡት የሚከብድ ነበር። እያንዳንዱን ቁራጭ ታውቀው ነበር፤ ይህ ከሐሮ ወንጪ የወረደችው የአያቴ ቀሚስ፣ ያ የአባቴ ካፖርት እጅጌ፣ ይህ ደግሞ የታላቅ ወንድሜ የተማሪ ቤት ካኪ ሸሚዝ ኪስ። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። ኪሱ ከነቁልፉ ነበር የተሰፋው።

በ1993 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለክረምት ዕረፍት ወደ አምቦ ተመለስኩና ከጓደኞቼ ጋር አንድ አጭር ተውኔት አዘጋጀን። ደራሲውም አዘጋጁም እኔ ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ሁሉንም ነው። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ለማኝ ነበር፤ ለማኙ ልብስ ያስፈልገዋል። እናቴን ሳላስፈቅድ ድሪቶውን ከሣጥን አወጣሁ። ለመድረክ እንዳይንዛዛ በምላጭ ለሁለት ቆረጥኩት፤ አንገት ማስገቢያ ቀደድኩበት፤ ያደፈ እንዲመስልም ዐመድና የቡና አተላ ቀባሁት። የአንገቱ ቅድ በካኪው ኪስ መካከል እንዳለፈ ያየሁት ዘግይቼ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ባየሁትም ጊዜ ብዙ አልተጨነቅሁም።

ተዋናዩ ብቅ ሲል አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። ለእኔ ትልቅ ድል ነበር። እናቴ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ጨዋታው ሲያበቃ ከመጋረጃው በስተጀርባ መጣች፤ ተዋናዩን «ልጄ፣ አውልቀው» አለችው። ሁለቱን ቁራጭ አጣጥፋ በነጠላዋ ሥር ይዛ ወጣች። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሌሊቶች በሲንጀሩ ሳይሆን በእጇ ስትሰፋ ይሰማኝ ነበር፤ መርፌ እንደማይሰማ ዐውቃለሁ፤ የኩራዙ ብርሃን ከበሩ ሥር አለመጥፋቱን ነው ሰማሁ የምለው።

በእኛ በጸሐፊዎች ዘንድ ድሪቶ የስድብ ቃል ነው። ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተጻፈን ነገር «ይህ ድርሰት ሳይሆን ድሪቶ ነው» እንላለን። ሥሮቻቸው ልዩ ልዩ ቢሆኑም ሁለቱ ቃላት በጆሮ ስለሚቀራረቡ ስድቡ ይጥማል፤ እኔም በወጣት ባለቅኔዎች ላይ ተጠቅሜበታለሁ። ዛሬ ግን ቃሉን ያወጣው ሰው ድሪቶ ሰፍቶ እንደማያውቅ እጠረጥራለሁ። እናቴ ቁራጭን ከቁራጭ የምታጋጥመው ውፍረቱን፣ የክሩን አቅጣጫ፣ ሲታጠብ የሚሸበሸበውንና የማይሸበሸበውን ለይታ ነው፤ ቀለሙም የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ግጥሞቼ ይህን ያህል አልተመረመሩም።

መርፌና ተራ ዕቃ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው ይህ ሰው በክርና በቁልፍ ሸራ ላይ እየሰፋ፣ በኋላም ከመርካቶ የሚገኘውን የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦና ሰሌዳ እየገጣጠመ የሠራቸው ሥራዎች በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች ቆመዋል። በአሜሪካ በአላባማ ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶችም ከሥራ ልብስ ቁራጭ የሰፉት የብርድ ልብስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከጎማ የሚቆረጠው በርባሶ እንኳ፣ ገበሬው የለበሰውና ከተሜው የተሣለቀበት ጫማ፣ በቤተልሔም ጥላሁን ሶል ሬብልስ አማካይነት ባሕር ተሻግሯል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ደስታዬ ያለ ቅሬታ አይደለም። ያው ዕቃ በድሀዋ ትከሻ ላይ ሳለ ማፈሪያ የሆነበትን፣ ገዢው ሲያነሣው ደግሞ ውበት የሆነበትን ምክንያት ማንም አላስረዳኝም።

ድህነትን ለማወደስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ ቢከለከልም ሰልባጅ በየገበያው ተቆልሎ ይሸጣል፤ ከሰልባጅ የሚወጣው ካፖርት ለብርድ አገር ሰው ሕይወት ነው፤ ለልብስ ሰፊው ደግሞ ዕዳ። የሐሮ ወንጪዋም ሴት አዲስ ጨርቅ ለመግዛት አቅም ቢኖራቸው ጆንያ አይመርጡም ነበር፤ ራሳቸው ነግረውኛል። ገበር ያደረጉትን ካፖርት ባለቤታቸው ለብሰው ነበር የጨረሱት። ዋጋ ሲጠየቁ ለካፖርቱ አልቆጠሩም፤ ለሁለት ሳምንት ድካማቸውም የቆጠሩት ጥቂት ነው። ቢያንስ ያን ጊዜ ጣልቃ ገብቼ ዋጋውን ከፍ እንዲያደርጉ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ጥቅምት እናቴን ልጠይቃት አምቦ ሄጄ ነበር። የአገር ባህል የእጅ ሥራዎች ዐውደ ርእይ ሊዘጋጅ ታስቦ ስለነበር ድሪቶውን ለጥቂት ሳምንታት እንድታውሰኝ ለመንኳት። ከመኝታዋ ላይ ነበር። ምላጬ ያለፈበት መሥመር ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው በነጭ ክር ተቀምቅሞ ይታያል፤ ካኪው ኪስ ተጋጥሟል፤ ቁልፉ ግን ሌላ ነው።

«ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው?»

«አዎ፣ እማዬ። ሰው ሁሉ እንዲያየው።»

«ሰው አይቶታል» አለች። ቀጥላም፣ «ሌሊቱ ብርድ ነው፤ እኔስ ምን ልልበስ?»

ብርድ ልብስ እገዛልሻለሁ ልል አፌን ስከፍት እጄን ያዘችና የካፖርቴን ክርን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ይህ ሳስቷል» አለችኝ። «ስትጥለው ለኔ አምጣው፤ በእግር በኩል አንድ ቦታ ተበልቷል።»