አያትየዋ ግን አወቁ

«ዮር ኔም» የተሰኘውን የጃፓን አኒሜ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ፍቅሩና ስለ ጅራታሙ ኮከብ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ልጅቷ ያቺው ልጅ አለመሆኗን ማን አወቀ?

ላላያችሁት ባጭሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የማኮቶ ሺንካይ ሥራ ነው። ሚጽሃ በተራሮች መሃል ባለች ትንሽ ከተማ ከአያቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ትኖራለች። ታኪ የቶኪዮ ልጅ ነው። ተኝተው ሲነቁ እሱ በእሷ፣ እሷ በእሱ ገላ ውስጥ ናቸው።

ሚጽሃ ወደ ራሷ ስትመለስ ጓደኞቿ «ትናንት ምን ሆነሽ ነው?» ይሏታል። ትምህርት ቤት ወንበሯ ጠፍቷት፣ ፀጉሯንም እንደ ወትሮው ሳታስር ውላለች። እሷ ይህን አታውቅም። ከገዛ ሕይወት አንድ ቀን መጉደሉን ከሰው አፍ መስማት እንዴት ያስፈራል!

በ16 እና በ17 ዓመት ግን እንዲህ ለመደንገጥ አስማት አያስፈልግም። ድምፅ ባንድ ክረምት ይጎረንናል፤ በቅርቡ የተገዛው ሱሪ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል። ዘመድ ይመጣና «ይሄ ማነው? አላወቅሁትም እኮ!» ይላል። በደስታ ነው የሚለው። ልጁ ፈገግ ብሎ ወደ ጓዳ ይገባል፤ እሱም ራሱን አላወቀውም።

ገላ ሲለወጥ ማንነትስ? ስቶክሆልም የሚገኘው የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ሄንሪክ ኤርሰንና ባልደረቦቹ ይህን ለዓመታት ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ጓደኛሞችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ዓይን ላይ በሚጠለቅ ስክሪን አንዱ በሌላው ገላ ውስጥ ያለ እንዲመስለው አደረጉ። ቅዠቱ የቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ሆኖም ተሳታፊዎቹ ስለ ባሕርያቸው ሲጠየቁ ራሳቸውን ወደ ጓደኛቸው አስጠግተው ገለጹ። የማስታወስ ችሎታቸውም ተዳከመ፤ በተለይ ስለ ራሳቸው ያላቸውን ግምት ከአዲሱ ገላ ጋር ያላስማሙት ላይ ጎልቶ ታየ። እንግዲህ ገላው ዕለት በዕለት የሚለወጥበት ልጅ ስለ ራሱ ሲጠየቅ «እኔ እንጃ» ቢል ባለጌ ሆኖ አይደለም። እውነቱን እየነገራችሁ ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ የሚጽሃ አባት የከተማው ከንቲባ ነው። የጅራታሙ ኮከብ አደጋ ሲቃረብ ታኪ በልጅቷ ገላ ሆኖ መጥቶ ሕዝቡን አሽሽ ይለዋል። አባትየው ያየው በሽታ ነው፤ ሐኪም ቤት ሊያስወስዳት ስልክ ያነሳል። ፊቱ የቆመችው ልጁ አለመሆኗ የገባው ከረባቱን ጨምድዳ ስትይዘው ነው። አያቷ ሂቶሃ ግን ከዚያ በፊት አውቀዋል። ከተራራው ቤተ መቅደስ ሲመለሱ አይተዋት፣ ሕልም ላይ መሆኗን ይነግሯታል። አልጮኹም፤ «ምን ነካሽ?» አላሉም። በኋላም እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ሕልም ያዩ እንደነበር ያነሳሉ። የማንን ሕይወት እንዳዩ ረስተውታል፤ ማየታቸውን ግን አልረሱም።

አያትየዋ ያወቁት በዕድሜ ጥበብ ብቻ አይመስለኝም። ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ክር ይገምዳሉ፤ የሚጽሃን እጅ ያውቁታል። አባትየው ግን ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ያላየውን ልጅ መለወጥ በምን ይወቀው?

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ሁለት ሥራ እየሠራ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ይህን ሲያነብ ቅር ሊለው ይችላል። ልወቅሰው አይደለም የጻፍኩት። አብሮ ሽንኩርት መላጥም ይበቃል፤ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል። ልጁን «ምን ሆነህ ነው?» ከማለታችሁ በፊት ግን፣ በሱ ዕድሜ መስታወት ፊት ቆማችሁ ያፈራችሁበትን ነገር አንስታችሁ ንገሩት። እሱም የሚጠይቃችሁ ይኖረዋል።